ለፋሲካ የሚሰበር ምንቸት

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር አዲስ ቤት ገዝቶ እንኳን ደስ ያለህ ልንለው ሄድን። ከሕንፃው በስተጀርባ ለሌላ ሕንፃ መሠረት ተቆፍሯል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የእርጥቡ አፈር ሽታ የመኪናውን በር ሳልዘጋ አገኘኝ። ሰዎቹ ወደ አሳንሰሩ ሲሄዱ እኔ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ከአፈሩ ቆንጠር አድርጌ በጣቶቼ አሸሁትና ምላሴ ላይ አስቀመጥኩት። የአክስቴ ልጅ ሚስት፣ የተማረች ጨዋ ልጅ ናት፣ ደንግጣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም። ትንሽ አሸዋ ይበዛዋል እንጂ ደህና አፈር ነው» አልኳት። መልሱ እንዳላረካት ከፊቷ አየሁ፤ ላስረዳት ብል ደግሞ ቤቱ ሳይጎበኝ ሊመሽ ነው። አሁን ጊዜ ስላለኝ ላስረዳ።

ነገሩ ሲጀመር አሥር ዓመቴ ነበር። በግንቦት ከአዲስ አበባ ወደ ቅድስት አገር በአውሮፕላን መጥተን፣ ጥቂት ወራት ሆቴል ከተቀመጥን በኋላ፣ ብርዱ ሲገባ ቂርያት ጋት ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጠን። ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ አባቴ፣ እና የእናቴ እናት እምዬ። እናቴ አውሮፕላኖቹ ሊመጡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ እዚያው አዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ፣ በሳንባ በሽታ ሞታብን ነበር።

አባቴ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ዕቃ ጫኝ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ፣ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ነውና ብረት ሳይነካ የዋለ ቀን እጁን ይበላዋል። ከሥራ ሲመለስ የሕንፃችን ሚክላት ውስጥ ይገባል። ሚክላት ጦርነት ሲመጣ ሰው የሚጠለልበት ከመሬት በታች ያለ ክፍል ነው፤ ጦርነት በሌለ ጊዜ የአባቴ ነበር። እዚያ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ይዞ፣ ሰው የጣለውን ማራገቢያና ሬዲዮ ሲፈታና ሲገጥም ያመሻል። እኔ ታዲያ ጎረቤቶቻችን ከቆሻሻ ገንዳው ጎን የተሰበረ ዕቃ ሲያስቀምጡ ሳይ፣ አባቴ ብረት እንደሚወድ ሰምተው ስጦታ የሚያመጡለት ይመስለኝ ነበር። ደረጃ ላይ አሮጌ ዕቃ ይዞ የሚወርድ ሰው ካገኘሁ ቀድሜ በዕብራይስጥ አመሰግነዋለሁ። አንድ ሰውዬ ግራ ተጋብቶ ማራገቢያውን መልሶ ወደ ቤቱ አስገብቷል።

እምዬ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በጎንደር የኛ የአይሁዶቹ ሥራ ወንዱ ብረት፣ ሴቷ ሸክላ ነው። እምዬ ሙያውን ለእናቴ አስተማሩ፤ እናቴም በታመመችበት ሰሞን እንኳ እጇ አላርፍ ብሎ፣ በተከራየናት ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ አንዲት ትንሽ ምንቸት ሠራች። የመጨረሻዋ ሆነች። ስንሳፈር ምንም አትያዙ ተባለ። እምዬ ምንቸቷን በነጠላ ጠቅልለው ሆዳቸው ላይ አሰሯት። ስንወርድ አንዲት ነርስ መጀመሪያ የእምዬን ሆድ፣ ከዚያ ፊታቸውን፣ ከዚያ እንደገና ሆዳቸውን አየችና ሮጣ ወንበር አመጣችላቸው። እምዬም በክብር ተቀመጡ።

የእናቴ ፎቶግራፍ የለንም። አንድም የለንም። እኔ ግን ከፎቶግራፍ የሚበልጥ ነገር እንዳለኝ አምን ነበር። ምንቸቷ ጥቁር፣ ሆዷ ክብ፣ በአንድ በኩል ጆሮ ያላት ናት፤ ጆሮዋ ከሆዷ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ላይ አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ተጭነውት የቀረ ነው፤ መስመሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። የእናቴ ጣት ነው። ዘወትር ዓርብ እምዬ ምስር ሊሠሩባት ሲያወጧት ቀድሜ እይዛትና አውራ ጣቴን እዚያ እሰካለሁ። ጣቴ ከጉድጓዱ ያንስ ነበር። አንድ ቀን ልክ እስኪሆን እያደግሁ እጠብቃለሁ፤ ልክ የሆነ ቀን ምን እንደሚፈጠር ባላውቅም አንድ ነገር እንደሚፈጠር ግን እርግጠኛ ነበርኩ። በጠቅላላው በአሥር ዓመቴ እርግጠኛ ያልሆንኩበት ነገር ጥቂት ነው።

አባቴ ምንቸቷ ጋዝ ላይ ስትጣድ እንዳትሰነጠቅ ይሰጋል። እሳቱ በቀጥታ እንዳይነካት ከታች የሚገባ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ሠራላት። ያም አላሳረፈው።

«እምዬ፣ መደርደሪያ ላይ ብናስቀምጣትስ? የሟች መታሰቢያ እኮ ናት» አላቸው አንድ ቀን።

«ዕቃ ካልሠራ ሬሳ ነው» አሉ እምዬ፤ ምስሩንም አማሰሉ።

ፋሲካ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ሰፈሩ ተተራመሰ። ምንጣፍ በየበረንዳው ይራገፋል፣ ፍራሽ ይወጣል፣ ውሃ ከላይ ፎቅ እየወረደ ልብሳችንን ያበሰብሳል። እምዬ ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው። «ደግ አገር ነው፤ በዓል ያውቃል» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ምንቸቷ ላይ አሳርፈው፣ «እንግዲህ እሷም ትሰበራለች» አሉ።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። ፋሲካ ሲደርስ የቦካ ነገር ሁሉ ከቤት ይወጣል። ሸክላ ደግሞ የበላውን አይለቅም፤ ቢያጥቡት አይጸዳም። ስለዚህ በአገራችን በየዓመቱ ለፋሲካ የቤቱ ሸክላ እየተሰበረ በአዲስ ይተካ ነበር። ለልጆች ከዚያ የሚበልጥ በዓል የለም፤ ዓመቱን ሙሉ «ተጠንቀቂ!» ስትባዪበት የኖርሽውን ዕቃ «በይ ወርውሪ» ትባያለሽ። እኔ ራሴ በስድስት ዓመቴ የእምዬን ትልቅ ጋን በድንጋይ ብዬ ሰብሬ ተጨብጭቦልኛል። አሁን የሚሰበረው ግን የእናቴ ጣት ያለበት ነበር።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄጄ መምህሬን ጠየቅሁና መፍትሔ ይዤ እየሮጥኩ መጣሁ።

«እምዬ፣ መስበር አያስፈልግም! ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉባታል፣ ከዚያ አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው ይሸጧታል። በወረቀት ብቻ ነው። ከበዓሉ በኋላ ትመለሳለች።»

እምዬ አሰቡበት። «ሰውየው ሳይወስዳት ነው የሚገዛት?»

«አዎ።»

«እኛም ሳንሰጠው ነው የምንሸጥለት?»

«አዎ!»

«ምስኪን» አሉ። ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «የነሱ ሊቃውንት ያውቃሉ፤ በነሱ ቤት ይሁን። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሰበርሁትን ዛሬ አልሸጥም። ደግሞስ ለማን ልትሸጫት ነው፣ እናትሽን?» አሉኝ።

እኔ መልስ ሳጣ ሥራ እሠራለሁ። የዚያኑ ዕለት ምንቸቷን በሹራቤ ጠቅልዬ ወደ ሚክላት ወረድኩና፣ አባቴ ሆዱን ባወጣው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ደበቅኋት። ቢጠይቁኝ የምለውን ውሸት ሦስት ዓይነት አድርጌ አዘጋጀሁ። እምዬ ግን አልጠየቁኝም። ባዶውን ቦታ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሽንኩርት መክተፋቸውን ቀጠሉ። ውሸቶቼ ሁሉ ከንቱ ሆኑ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳያቸው ዓይኔ መሬት መሬት ይላል።

በዚያው ሳምንት «ነዪ፣ አፈር እንፈልግ» አሉኝና ከመጨረሻዎቹ ሕንፃዎች አልፈን ወደ እርሻው ዳር ሄድን። እምዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አሥር እርምጃ እየሄዱ ጎንበስ ይላሉ፣ ከአፈሩ ይቆነጥራሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይተፋሉ። «ይህ ጨው አለው። ይህ አሸዋ ነው። ይህ ሰነፍ ነው።» ሰነፍ አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ እኔም ቀመስኩ። በመጨረሻ ውሃ በቆፈረው ቦይ ጎን አንድ ጠቆር ያለ አገኙና ምላሳቸው ላይ ረዘም አድርገው አቆዩት። «ይህ ሥራ ያውቃል» አሉ። በሁለት ባልዲ ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ወጣን።

ባልዲ ሙሉ ጭቃ ይዘን ስንወጣ ምድር ቤት የምትኖረው የሞሮኮ ተወላጅ ጎረቤታችን አሊስ አየችን። በዕድሜ የእምዬ እኩያ ናት። ሰው ሁሉ ቆሻሻ በሚያወጣበት ሰሞን እኛ ቆሻሻ ስናስገባ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምን ትላለች?» አሉ እምዬ። «አይዟችሁ ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ። አስተርጓሚ እኔ ብቻ ስለሆንኩ የምትለውን የምመርጥላት እኔ ነበርኩ።

እምዬ በረንዳው ላይ የመጀመሪያውን ምንቸት ሠሩ። በሦስተኛው ቀን ሳይተኮስ ገና በመድረቅ ላይ ሳለ ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ። «ገል ያስፈልገዋል» አሉ። አሮጌ የሸክላ ስባሪ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ካልተለወሰ ጭቃው ብቻውን አይጸናም። በአገራችን የሰበሩትን ሸክላ የሚጥል የለም፤ ገሉ ለከርሞ ሥራ ይቀመጣል። እዚህ አገር ግን ሁሉም ዕቃ ብረትና ፕላስቲክ ነው። አባቴ ከሥራ ሲመለስ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ንጣፍ ስባሪ ይዞላቸው መጣ። እምዬ አንዱን አንስተው ቀመሱትና፣ «ልጄ፣ ይህ አፈር መሆኑን የረሳ ነው» ብለው በጨዋ ደንብ መለሱለት።

ያለ ገል ሦስተኛ ሞከሩ። እሱም ሲሰነጠቅ እምዬ ጭቃውን ከእጃቸው ሳይታጠቡ በረንዳው ወለል ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩትና ቀስ ብለው ለራሳቸው፣ «እጄን እዚያ ትቼው መጣሁ» አሉ። «በፕላስቲክ ሣህን ፋሲካን ላደርግ ነው።»

እምዬ ሲያለቅሱ ያየኋቸው በእናቴ ቀብር ላይ ብቻ ነበር። አሁንም አላለቀሱም፤ ግን እጃቸው ጭናቸው ላይ የሰው ዕቃ መስሎ ተቀምጧል። እኔ ገሉ የት እንዳለ አውቃለሁ። በቤቱ ውስጥ፣ ምናልባትም በከተማው ውስጥ፣ ጥሩ ገል የት እንዳለ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ደረጃውን ወረድኩ። የማሽኑን ክብ በር ከፍቼ ምንቸቷን አወጣሁና እዚያው ጨለማው ውስጥ አውራ ጣቴን አሻራው ላይ ሰክቼ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ እንደምንም ደረጃውን ወጣሁ።

እምዬ ፊት አስቀመጥኳት። እሳቸውም የተገረሙ አልመሰሉም።

«አንድ ነገር ግን አለ» አልኩ። ስጨነቅ ድምፄ እንደ ዳኛ ይሆናል። «ጆሮዋ የኔ ነው። ሌላው ይወቀጥ። የእናቴ ጣት ያለበት ለኔ ይቀራል።»

«የምን ጣት?»

አሳየኋቸው። እምዬ ምንቸቷን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው አዩ። ከዚያ ጭቃ የለበሰ አውራ ጣታቸውን አነሱና አሻራው ላይ አስቀመጡት። ልክ ገባ። ሰተት ብሎ ገባ።

«ይህ የኔ ነው» አሉ። «እናትሽ የምንቸቷን ሆድ ሠርታ ስትጨርስ ሳሉ አላስቀምጥ አላት። ጆሮዋን የገጠምሁላት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ስለነበር ሳላለስልሰው ቀረ፤ እናትሽም ‹አበላሸሽብኝ› ብላ ሳቀችብኝ።»

የምይዘው አጣሁ። ዓመት ሙሉ ጣቴን የምሰካው የእናቴ ጣት ላይ አልነበረም። እምዬን ተናደድኩባቸው፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩበት ሰው የለም። «ታዲያ የሷ የትኛው ነው?» ብዬ ጮኽኩ። «ምንም አልተወችም ማለት ነው?»

እምዬ እጄን ያዙና መዳፌን የምንቸቷ ሆድ ላይ አደረጉት። ዙሪያውን ቀስ አድርገው አስኬዱት። ለስላሳ ነው፤ አንድም ቦታ አይሻክርም፣ አንድም ቦታ አይጎረብጥም።

«ጎበዝ ሸክላ ሠሪ የጣቷን ምልክት አትተውም» አሉ። «አንች ምልክት ትፈልጊያለሽ። ምልክት የሌለው ሁሉ የሷ ነው።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እናቴ ስትሞት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። እምዬ አላባበሉኝም፤ እጄን ግን ከምንቸቷ ላይ አላነሱትም። ሲበቃኝ አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግሁና፣ የቦካ ያወቀ ሸክላ ለፋሲካ ምንቸት ሲገባ ክልክል አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የሚሰበረው ምንቸቱ ነው፤ አፈሩ ምን አጠፋ? ደግሞ በእሳት ያልፋል» አሉ። «በይ እንግዲህ።»

«እኔ ልሰብራት?»

«አንች። ግን በኛ ቤት የሰበረ ይሠራል፤ እወቂው።»

በረንዳው ወለል ላይ በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ለቀቅኋት። የተሰበረችው በአንድ ድምፅ ነው። ስባሪውን አብረን ለቀምን።

አባቴ ሲመጣ ነገሩ ገባው። ወደ ሚክላት ወርዶ ከማራገቢያ ያወጣው ክብ ብረት ላይ የመስኮት ወንፊት ወጥሮ ማጥሪያ ሠራልን፣ መዶሻውንም ሰጠን። ገሉን ወቅጠን ነፋነው። ጆሮዋንም ጨምሬ ወቀጥኩት። ጭቃውን ስለውስ እምዬ ቆመው እያዩ፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያሉ ያበሽቁኛል። እንደገና ለወስኩ፣ እንደገና ለወስኩ። የምንቸቱን ቅርጽ በእጄ ሳወጣ ግን አልነኩልኝም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በአገጫቸው ብቻ አዘዙኝ። የእናቴ ምንቸት ቀጠን ያለች ሴት ነበረች፤ የኔው ወፍራም ወንድ ሆነ። ጣሪያው ላይ ውሃ በፀሐይ ከሚሞቅበት በርሜል ሥር አደረቅነው። በየቀኑ ሦስቴ ወጥቼ አየሁት። አልተሰነጠቀም።

የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት ምንቸቱን ልንተኩስ ከሕንፃው ጓሮ ወረድን። አባቴ ከፋብሪካው የተሰበረ የእንጨት ሣጥን አምጥቷል፤ ኩበት በሌለበት አገር ሌላ ምን ይደረጋል። እምዬ ደጁን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከየሕንፃው ጓሮ ጭስ ይወጣል። በየጥጉ ሰው እሳት ከቦ ቆሟል።

«ይህ ሁሉ ሰው ሸክላ ሠሪ ነው?» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «እስካሁን ያልነገራችሁኝ ለምንድን ነው? ገል እለምናቸው አልነበር!»

ሐሜጽ፣ የቦካ ነገር እያቃጠሉ መሆኑን ነገርኳቸው። «ዳቦ ነው የሚያቃጥሉት?» ብለው እንደገና አዩዋቸው። «ረኃብ አያውቁም ማለት ነው። ደግ ነው፤ አይወቁ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እሳቱን ከሩቅ ጀምረን ቀስ በቀስ አቀረብነው። ምንቸቱ ሞቀ፣ ጠቆረ፣ እንጨቱ ተከመረበት። ነበልባሉ ከፍ ሲል አሊስ በላስቲክ የዳቦ ፍርፋሪዋን ይዛ ስትመጣ አየን። ከጓሮው እሳት ሁሉ የኛ ትልቁ ነበር። ለምን ሌላ ላንድድ ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ላስቲኩን ወደ እሳታችን ወረወረችው።

እምዬ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። በዱላቸው ላስቲኩን ፈንጥረው አወጡት። አሊስም ጮኸች። እምዬ ለፋሲካ የሚሆን ዕቃ ውስጥ ዳቦ ጣልሽበት ይላሉ፤ አሊስ ሐሜጽ ከማቃጠያ ውስጥ ማን ያወጣል ትላለች። ሁለቱም ለአንድ በዓል ነው የሚጣሉት። እኔ መሐል ቆሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የተባለውን ሁሉ እንደተባለ ተረጎምኩ። አሊስ አዳመጠች። ጎንበስ ብላ በነበልባሉ መሐል የቀላውን ምንቸት አየችውና ሁለቱን ጉንጮቿን ያዘች። እምዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነካው?»

ዓይኖቼ ላስቲኩን ከእጇ ጀምሮ ተከትለውት ነበር። «አልነካውም። እዚያ ዳር ያለው እንጨት ላይ ነው ያረፈው።»

እምዬ ፊቴን ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። ውሸቶቼን እንደሚያውቋቸው ሁሉ እውነቴንም ያውቁ ነበር። «አልነካውም» አሉ። አሊስ ሄዳ ሌላ እሳት አነደደች፤ ከዚያ ወንበሯን ይዛ ተመለሰችና እሳቱ እስኪከስም ከኛ ጋር ተቀመጠች።

አባቴ በረዥም ብረት ጎትቶ አወጣው። ሲበርድ እምዬ «ምቺው» አሉኝ፤ ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ዱብ ይላል፣ የጸና ይጮኻል። በጣቴ መገጣጠሚያ መታሁት። ጮኸ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አሊስም ምን እንደሆነ ሳይገባት አጨበጨበች።

አነሳሁት። ጆሮው ጠማማ ነው። ሆዱ ላይ መዳፌን አስኬድኩት፤ ይሻክራል፣ ይጎረብጣል፣ ዙሪያውን ሁሉ የኔ ጣቶች ናቸው፤ አሥሩም፣ ሺህ ጊዜ። የእናቴ እጅ ገብቶበት እንዲህ መሆኑ አሳፈረኝ። ጣቶቼን ልሸፍናቸው ፈልጌ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። እምዬ ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት፣ አገላበጡት፣ አመዱን እፍ አሉበት።

«አይዞሽ» አሉ፤ «ለከርሞ ትሰብሪዋለሽ።»